ወንበሩን ገልብጣችሁ እዩት

የመጀመሪያው ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበሬ የከዳኝ ስብሰባ ላይ ነው። ደሴ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ አዲስ አበባ ካሉ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በቪዲዮ እያወራሁ ሳለ ቀስ፣ ቀስ እያልኩ መስመጥ ጀመርኩ። ድምፅ የለው፣ ምን የለው። መጀመሪያ አገጬ ጠፋ፣ ከዚያ አፍንጫዬ። አንዱ ባልደረባዬ «አንተ፣ ወዴት እየሄድክ ነው?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ማንሻውን ስቤ ከፍ አልኩ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ቁልቁል። የስብሰባውን ግማሽ በጉልበቴ ተንበርክኬ ጨረስኩት።

ወንበሩ ዓመት እንኳ አልደፈነም። ስገዛው ምን አየሁ? ቆዳ የሚመስል ጥቁር ሽፋኑን፣ ወርቃማ ስፌቱን፣ ከራሴ በላይ የሚወጣ መደገፊያውን። ሻጩ «ይኼ የሥራ አስኪያጅ ወንበር ነው» አለኝ። ከኔ በታች የምመራው ሰው የለም፤ ግን ቃሉ ደስ አለኝና ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ብዙ ወንበር ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ወንበር የሚበላሸው ከሥር ነው፤ እኛ የምንገዛው ግን ከላይ አይተን ነው። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ወንበሩን ገልብጡት። ሻጩ ግራ ይጋባል፤ ይጋባ። አብሽሩ፣ ሥሩን የሚያይ ገዢ ሲመጣበት ከጓዳ ሌላ ወንበር የሚያወጣም አለ።

እኔን ጉድ ከሠራኝ ከፓምፑ ልጀምር። ከመቀመጫው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ እግሩ የሚወርደው ዘንግ ማለቴ ነው። ውስጡ በኃይል የታመቀ ጋዝ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን። ጋዙን ለሁለት የሚከፍል ፒስተን አለ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽ ቫልቭ። ማንሻውን ስትስቡ ቫልቩ ይከፈትና ጋዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከወንበሩ ብድግ ካላችሁ ይወጣል፣ ክብደታችሁን ከጣላችሁበት ይወርዳል። ማንሻውን ስትለቁ ቫልቩ ይዘጋል፣ ጋዙ ባለበት ይታፈናል፣ እናንተም ባላችሁበት ትቀራላችሁ። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ጋዙን አፍነው የሚይዙት ጎሚኒዎች ናቸው። ርካሽ ጎሚኒ ቶሎ ያረጃል፣ ዘንጉ ላይ አቧራ ሲገባ ይፋቃል፣ ጋዙ በትንሽ በትንሹ ያመልጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ዕጣ ነው። ጎሚስታ ጋ ወስዶ ማስነፋት አይቻልም። ጠይቄያለሁ፣ ሳቀብኝ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በያጅ ጋ አትውሰዱት! «እዚህ ጋ አንድ ነጥብ ልበይደውና ይቆማል» የሚል አይጠፋም። ውስጡ የታመቀ ጋዝ ነው፤ ብትበይዱት ወይም ብትበሱት ሊፈነዳ ይችላል።

ደኅናው ነገር ፓምፑ ለብቻው መቀየሩ ነው። አብዛኛው ወንበር ላይ መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ወፍራሙ የታችኛው ቱቦ 50 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ የላይኛው 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በብሎን አልታሰረም፤ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ስለሆነ በክብደታችሁ ተወትፎ ነው የሚቀመጠው፣ ለመንቀል የቧንቧ መፍቻና ትንሽ ጉልበት ይበቃል። አዲስ ስትገዙ ሻጮቹ «ክላስ 3»፣ «ክላስ 4» ይላሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር የብረቱ ጥንካሬ ይጨምራል። ከባድ ሰው ከሆናችሁ 4 ይሻላችኋል። ምትክ ካጣችሁ ደግሞ የውሃ መስመር የሚዘረጋበትን የፕላስቲክ ቱቦ በሚስማማችሁ ቁመት ቁረጡ፣ በቁመቱ ሰንጥቁት፣ ቀጭኑን ዘንግ አልብሱት። ወንበሩ ከዚያ ወዲያ ከፍ ዝቅ አይልም፤ ግን አይሰምጥም። እኔ ያን ወንበር እንደዚያ አድርጌ ሌላ ስምንት ወር ተቀምጬበታለሁ።

አሁን እግሩን እዩ። አምስት ጣት ያለው ኮከብ መሆን አለበት፣ በአራት አትደራደሩ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ከመሀል እስከ እግሩ ጫፍ ያለው ርዝመት 100 ቢሆን፣ ባለ አራት እግሩ በሁለት እግሮች መሀል ወዳለው ክፍተት ስታዘነብሉ ክብደታችሁ ከመሀል 71 ሲርቅ ይገለበጣል፤ ባለ አምስቱ እስከ 81 ይታገሣል። የኛ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በዚህ ሒሳብ 50 ብቻ ነው። ግን በርጩማ ጎማ የለውም፣ መሬት ላይ ነው፣ ብትወድቁም ከየት ወዴት? ደግሞ ሦስት እግር አባጣ ጎርባጣ መሬት ላይ ፈጽሞ አይንገዳገድም፣ ጓዳ ውስጥ እስከ ዛሬ የቆየውም ለዚህ ይመስለኛል።

እግሩ ከፕላስቲክ ከሆነ «ፕላስቲክ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ጥሩ ናይሎን ብዙ ዓመት ይሸከማል። ገልብጣችሁ የውስጥ ግድግዳዎቹን ተመልከቱ፤ ወፈር፣ ጠጋ ጠጋ ብለው እንደ ማር እንጀራ ከተደረደሩ ደኅና ነው። ባዶ ገንዳ ከመሰለ ተዉት። የሚያብረቀርቅ ብረት ያለው ወንበርም ያታልላል፤ በጣት ስታንኳኩት እንደ ጣሳ የሚጮኽ ከሆነ ስስ ላሜራ ላይ የተቀባ ኒኬል ነው። አሉሚኒየም ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከቻለ፣ እሱን ያዙ።

ከእግሩ በላይ፣ ፓምፑና መቀመጫው የሚገናኙበት የብረት ሳህን አለ። ብዙ ሰው ይህን አያየውም፤ እኔ ግን አብዛኛውን የተሰበረ ወንበር ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። ሳህኑ ሰፊ ነው? ብሎኖቹ ተራርቀው ነው የታሰሩት ወይስ መሀል ላይ ተጨናንቀዋል? ከሁሉም በላይ፣ የታሰሩበት እንጨት ምንድን ነው? ኮምፔንሳቶ ከሆነ፣ ብሎኑ የሚገባበት የብረት ዳዶ ከውስጥ ከተቀበረለት፣ ይቆያል። ችፑድ ከሆነ ግን የጊዜ ጉዳይ ነው። ችፑድ የተጣበቀ የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ ወደ ኋላ በተደገፋችሁ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል፣ አንድ ቀን «ቀጭ» ይልና መቀመጫው ብቻውን ይቀራል።

ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘነበል ምን እንደሚሆንም እዚያው ሞክሩ። ተራው ዓይነት መቀመጫውንም መደገፊያውንም አንድ ላይ ያዘነብላል፤ ደገፍ ስትሉ እግራችሁ ከመሬት ይነሣል፣ ጭናችሁ ጫፉ ላይ ይታነቃል። የተሻለው መደገፊያው ሁለት እጅ ሲሄድ መቀመጫው አንድ እጅ ብቻ የሚከተለው ነው። እግራችሁ መሬት እንደረገጠ ጀርባችሁ ያርፋል። ከሥር ያለችው ክብ ማጥበቂያ ደግሞ ጌጥ አይደለችም። ቀጭን ሰው ያላላታል፣ ወፍራም ሰው ያጠብቃታል። ብዙ ሰው ሳይነካት ወንበሩን ይሸጣል።

አሁን ወንበሩን አቁሙትና ተቀመጡበት።

እንደ ጫማ አስቡት። አንድ ወንበር ለሁሉ ሰው አይሆንም። ሄርማን ሚለር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1994 ኤሮን የሚባለውን የመረብ ወንበር ሲያወጣ በሦስት መጠን ነው የሠራው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። አዲሱ ኤሮን ዋስትናው 12 ዓመት ነው፣ ዋጋው ግን የኔና የብዙዎቻችሁ አይደለም። ሐሳቡን ግን በነፃ መውሰድ እንችላለን።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ አትፈሩ። ቤት ውስጥ የምትለብሱትን ጫማ አድርጋችሁ ከመሬት እስከ ጉልበታችሁ መታጠፊያ ለኩ። መቀመጫው ዝቅ ሲል እዚያ ቁጥር ላይ መድረስ አለበት። ስትቀመጡ የእግራችሁ መዳፍ ሙሉውን መሬት ይንካ። ጀርባችሁን አስጠግታችሁ ከመቀመጫው ጫፍና ከጉልበታችሁ መታጠፊያ መሀል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ። ጣት ካልገባ መቀመጫው ረዥም ነው፣ እግራችሁን ያደነዝዘዋል። የወገብ መደገፊያው ጎበጥ ያለው ቦታ ቀበቶ ከምታስሩበት ትንሽ ከፍ ብሎ ያርፍ። የክንድ መደገፊያው ትከሻችሁን ወደ ላይ ከገፋው ወይም ከጠረጴዛው ጋር እየተጋጨ ካራቃችሁ፣ ባይኖር ይሻላል፤ ብዙው ላይ አራት ብሎን ነው፣ ፍቱት።

እዚህ ላይ የአጭር ሰው ጣጣ አለ። የእናቴ ቁመት ያለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚሆን አይታችኋል? የተለመደው ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ክንዱ እንዲደርስ ወንበሩን ከፍ ያደርጋል፣ እግሩ ይንጠለጠላል። እግሩ እንዲደርስ ዝቅ ያደርጋል፣ ትከሻው ጆሮው ጋ ይሰቀላል። መፍትሔው ወንበሩን ለክንድ ከፍ አድርጎ እግር ሥር ነገር ማስቀመጥ ነው፤ አጭር ሣጥን፣ ያረጀ የቡና ረከቦት፣ ብሎኬትም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሆናል።

ወገብ ለምን እንደሚጎዳም በአጭሩ። አልፍ ናኬምሰን የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ሰዎች አከርካሪ ዲስክ ውስጥ መለኪያ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። ያለ ድጋፍ ጎብጦ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ዲስኩን እንደሚጫን አገኘ። ከሱ በኋላ የለኩት በቁጥሩ ሁሉ አልተስማሙም፤ ግን ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ብሎ መደገፍ ጫናውን እንደሚያቀል ያው ነው። ስለዚህ «ቀጥ በል!» የሚለውን የአስተማሪ ቁጣ እርሱት። ደገፍ በሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ደግሞ ተነሡ። የኛ ቤት ቡና ለዚህ ይመቻል፤ አቦል አንዴ ያስነሣል፣ ቶና ያስነሣል፣ በረካ ያስነሣል፣ የሥራ አለቃችሁ ይህን ባያውቅ ይሻላል እንጂ።

ስፖንጁ ላይ ሰው የሚሳሳተው ለስላሳውን ጥሩ አድርጎ መውሰዱ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ስትቀመጡበት የሚሞቃችሁ እንደ ደመና ያለ ስፖንጅ ብዙውን ጊዜ አየር ነው። ጥሩው በእጅ ሲያነሡት ከበድ ይላል፣ ሲቀመጡበት ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል። ጉልበታችሁን መቀመጫው መሀል ላይ ጣሉና ክብደታችሁን ልቀቁት። እንጨቱ ከተሰማችሁ በስድስት ወር ውስጥ ቂጣችሁም ይሰማዋል። ከዚያ ተቀመጡ፣ ስልካችሁን አውጡና አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ሻጩ ዓይኑን ያፈጣል፤ ሻይ አስመጡለት።

ቆዳ ስለሚመስለው ሽፋን አጭር ምክር፦ አትግዙት። እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ግን በአብዛኛው ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ላብና እርጥበት ከጨርቁ ያላቅቀዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከዚያ እንደ በሽተኛ ቅርፊት እየረገፈ ልብሳችሁ ላይ ይለጠፋል። የኔው የሥራ አስኪያጅ ወንበር በሁለተኛው ክረምት እንደዚያ ሆኗል። ጨርቅ ወይም መረብ ይሻላል። መረቡ ኮምቦልቻ ላለ ሰው ገነት ነው፤ ጀርባ አየር ያገኛል። እኛ ግን ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፣ ሐምሌ ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ሲወርድ መረቡ ብርዱን በጀርባ ያስገባዋል። እኔ ጋቢ ደርቤ ነው የምሠራው። ጋቢው ደግሞ ሲታጠፍ ጥሩ የወገብ መደገፊያ ይወጣዋል፣ ከወንበሩ ጋር ተሰፍቶ ከመጣው ትራስ ይሻላል።

ልጆቹ የሚወዱት የጌም ወንበር አለ፣ ቀይና ጥቁር፣ ጎንና ጎኑ ክንፍ ያለው። ቅርጹ የመጣው ከውድድር መኪና ነው፤ ዲኤክስሬሰር የተባለው ድርጅት ራሱ ከመኪና መቀመጫ ሥራ ነው ወደዚህ የገባው። ክንፎቹ መኪናው ሲታጠፍ ሹፌሩ እንዳይንሸራተት የሚይዙ ናቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ጠመዝማዛ የሐረጎ መንገድ ስትወርዱ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። ጠረጴዛችሁ ግን አይታጠፍም። ክንፉ የሚሠራላችሁ ጭናችሁን መጭመቅ ብቻ ነው። ደኅና የተሠሩም አሉ፣ አልክድም፤ በተመሳሳይ ዋጋ ግን ተራ የቢሮ ወንበር ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ «ቢፍማ» የሚል ካያችሁ፣ የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ያወጣው የጥንካሬ መለኪያ ነው። ፈተናው ቀልድ አይደለም፤ ከነሱ አንዱ 57 ኪሎ ግራም የሚሆን ከረጢት መቀመጫው ላይ 100,000 ጊዜ መጣል ነው። ግን ጽሑፉን ማተም ፈተናውን ከማለፍ ይቀላል። ጽሑፉን አይታችሁም ገልብጡት።

ጎማውን ሰው ይረሳዋል። የኛ ወለል ወይ ሊሾ ነው ወይ ሴራሚክ፣ አብሮት የሚመጣው ጠንካራ ፕላስቲክ ጎማ ደግሞ ለምንጣፍ የታሰበ ነው። ሊሾ ላይ ይንሸራተታል፣ ሴራሚክ ላይ ይንጫጫል፣ ከታች ያለው ተከራይ ይጠላችኋል። ላዩ ለስለስ ያለ ጎማ ፈልጉ። ተነቅሎ የሚገባ ነው፣ የሹሉ ውፍረት በአብዛኛው 11 ሚሊ ሜትር፣ አይኬያ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ወንበር ላይ ግን 10 ስለሆነ ያንን ለክታችሁ ግዙ።

ስለ ዋጋ አልጽፍም፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይቀየራል። የምመክረው ግን ገንዘቡ ካነሰ አዲስ ርካሽ ከመግዛት ያገለገለ ደኅና ወንበር መፈለግ ነው። መሥሪያ ቤት ሲለቅ፣ ድርጅት ሲዘጋ በጨረታም በደላላም የሚወጣ አለ። ሽፋኑ ቢቀደድ ግድ የለም፤ ሶፋ ሠሪ በአንድ ቀን ያለብሰዋል፣ ስፖንጁንም ይቀይረዋል። ብረቱ ግን ደኅና ይሁን። ተቀመጡበት፣ ከፍ አድርጉት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከሰመጠ የፓምፕ ዋጋ አስቀንሱ።

ያም ካልሆነ አናጺ ጋ ሂዱ። የማይሽከረከር፣ በናንተ ልክ የተሠራ፣ ጥሩ ስፖንጅ የተጣለበት የእንጨት ወንበር ከሚንቀጠቀጥ ተሽከርካሪ ይበልጣል። ከላይ ያሉትን ልኮች ጽፋችሁ ስጡት። ላፕቶፑን ደግሞ መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጋችሁ ኪቦርድ ለብቻ ግዙ። አንገት የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የወንበሩ አይደለም፣ ስክሪኑ ዝቅ ስላለ ነው።

ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና አስጭናችሁ የምታመጡ ከሆነ፣ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ይምጣ። የብሎኑን ፌስታል ቁጠሩት። ስትገጥሙ ብሎኖቹን ሁሉ በግማሽ አስገቡ፣ ሁሉም ቦታ ከያዙ በኋላ አጥብቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አጥብቁ። የላላ ብሎን ቀዳዳውን ይበላል።

ያ የሰመጠው ወንበሬ አሁን ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። ቱቦዬን አውጥቼ ልወረውረው በር ላይ ሳስቀምጠው አዩትና ተቀመጡበት። ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ እስከ መጨረሻው። «እትዬ፣ ተበላሽቷል እኮ» ስላቸው ወደ ስፌት መኪናቸው አስጠግተውት እግራቸውን መርገጫው ላይ አሳርፈው ሞከሩት።

«ምኑ ተበላሸ? ገና አሁን ልክ መጣልኝ» አሉኝ።